የተገለበጠው ባትሪ

«ከማሉዲን! ከማሉዲን፣ ትሰማኛለህ? ኧረ መልስልኝ አንተ ሰውዬ!»

የፀጉር ቤቱ ባለቤት ታንት እሙሽ የራዲዮውን መነጋገሪያ በሁለት እጇ ጨምቃ ትጮኻለች። ራዲዮው ጭጭ። ሌላ ጊዜ ገና ሲከፍቱት እንደሚጠበስ ሽንኩርት ይንጣጣ ነበር። ዛሬ አረንጓዴ መብራቱ እንኳ አልበራም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ነው። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ እጃቸውን ሰብስበው ቆመዋል፤ ወንበር ላይ ያለችው ደንበኛ ሳትቀር ግማሽ ራሷ ተሠርቶ፣ ግማሹ እንደተንጨባረረ አፏን ከፍታ ታያለች።

ሲሀም ፎጣ እያጠፈች ነበር። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ታንት እሙሽን ታግዛለች። ጥሪው ለምን እንደሆነ ታውቃለች፤ መልእክቱ ሲነበብ ሰምታለች። ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ አሁንም እንደበራ ነው፦

«ሰዓቱ ተቀየረ። ማዳሜ ዛሬውኑ ተራራ ላይ ላለችው እህቷ ልትሰጠኝ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ዝባሌ ልጥል እወርዳለሁ። ከዚያ በኋላ በር አይከፈትልኝም። በማርያም።»

የላከችው ባንቺ ናት። ቤይሩት ውስጥ፣ ቨርደን ሰፈር፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ የሰው ቤት ትሠራለች። መሥራት ከተባለ! ሦስት ዓመት ሙሉ ዝባሌ የሚሉት የቆሻሻ ከረጢት ካልሆነ ደጅ የሚያወጣት ነገር አልነበረም። የደበቀችው ስልክ ደግሞ የሚሠራው በማዳሟ፣ በአሠሪዋ፣ ዋይፋይ ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ ከወጣች ሙት ነው። ለዛሬ የተቀጠረው በአምስት ሰዓት ነበር። ከማሉዲን ታክሲውን ይዞ ይቆማል፣ ባንቺ ከረጢቷን ይዛ ትወርዳለች፣ ከረጢቱ ወደ ገንዳው፣ እሷ ወደ መኪናው። በዚህ መንገድ ታንት እሙሽ ያስመለጠቻቸው ሴቶች ዘጠኝ ናቸው።

ራዲዮው ከየት መጣ ብትሉ፣ ፀጉር ቤቱ ድሮ የታክሲ ቢሮ ነበር። ሰፈሩ፣ ፋናር፣ ዳገት ላይ ስለሆነ ጣሪያው ላይ ያለው አንቴና ቤይሩትን ከዳር እስከ ዳር ይሰማል። የታክሲዎቹ ባለቤት ሥራው ሲሞትበት ራዲዮውን ከነአንቴናው ትቶት ሄደ፤ ከታክሲዎቹም ዛሬ ራዲዮ የቀረው የከማሉዲን አሮጌ መርሰዲስ ላይ ብቻ ነው። ከማሉዲን እናቱ የጅማ ሰው፣ አባቱ ሊባኖሳዊ፣ ሁለቱንም ቋንቋ እኩል የሚያነበንብ ሰው ነው። የስልክ መስመሩ ከተቆረጠ ሦስት ወር ሆኖታል። «ራዲዮ እያለኝ ስልክ ለምኔ?» ይላል። አሁን ከቨርደን ሁለት መንገድ አልፎ፣ መኪናው ውስጥ ተጋድሞ አምስት ሰዓትን እየጠበቀ ነው። ከፋናር ሌላ ታክሲ ቢላክ በሦስት ሰዓት ተኩል አይደርስም።

«ሲሀም! ያላ፣ ኢንጂነሯ! ምን ሆነብኝ ይሄ?» አለች ታንት እሙሽ።

ኢንጂነሯ መባሏ እንዲያው ለቀልድ አይደለም። አምና የሰፈሩ ጄኔሬተር መብራቱን ከፍ ዝቅ ሲያደርገው የራዲዮው መብራት መቀበያ ነድዶ ቀረ። ራዲዮውን ከመኪና ባትሪ ጋር ያገናኘችው ሲሀም ናት። ከማሉዲን አንዴ አሳያት፤ ሁለተኛውን በራሷ ሠራችው። ቀዩን ገመድ ወደ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ወደ ነጌቲቭ፣ መሐል ላይ ፊውዝ። የባትሪው ምልክት ስለጠፋ የፖዘቲቩን ራስ በቀይ የጥፍር ቀለም ቀባችው። የዚያን ዕለት ታንት እሙሽ ሁሉንም ሰብስባ፣ «ይሄን ባትሪ ስልክ ልሙላ፣ አምፖል ላብራ ብሎ የነካ ሰው፣ ወላሂ ከዚህ ቤት ይወጣል። ኸላስ!» አለች። ታንት እሙሽ ደግሞ ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት። ሲሀምና እናቷ ጥሩነሽ ከፀጉር ቤቱ በላይ ባለችው ክፍል የሚኖሩት በእሷ ስም ነው። ወረቀት የሌላቸውን ሰዎች ማን ያከራያል?

ሲሀም ጠረጴዛው ሥር ተንበረከከች። ባትሪውን አየችና ክው አለች።

ጥቁሩ ገመድ ቀይ የተቀባው ራስ ላይ ነው። ቀዩ ገመድ ባዶው ላይ።

ማን እንዳደረገው ለማሰብ ጊዜ አልፈጀባትም፤ ራሷ ናት። ትናንት ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ እያለ፣ የታንት እሙሽ ልጅ መርየም፣ «ዛሬ ካልቀረፅነው መቼ ልንቀርፀው ነው? ሁሉም ለቅቆት እኛ ብቻ ቀረን'ኮ!» ብላ ነዘነዘቻት። የጭፈራ ቪዲዮ ነው። የቀረጻው መብራት ኃይል ይፈልጋል። ሁለቱ ባትሪውን ፈትተው፣ እየሳቁ፣ ለሁለት ተሸክመው ወደ ጣሪያ አወጡት። ታንት እሙሽ ከገበያ ስትመለስ ድምጿን ሲሰሙ እየሮጡ አወረዱት። ሲሀም በጥድፊያ ግራውን ገመድ በግራ፣ ቀኙን በቀኝ አድርጋ አጠበቀች። ባትሪው ዞሮ መቀመጡን አላየችም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት ይሄን ነው።

«ምንድን ነው? ተናገሪ እንጂ!»

ሲሀም በጀርባዋ ጋርዳ ገመዶቹን ፈታች። ቀዩን ወደ ቀይ፣ ጥቁሩን ወደ ባዶው። እግዜር ካለ ይበራል። አልበራም። ፊውዙን ማየት እንዳለባት ታውቃለች፤ ራሷ ያስገባችው ፊውዝ ነው። ግን ብታወጣው ተቃጥሎ ልታገኘው ነው፤ ፊውዝ ደግሞ ዝም ብሎ አይቃጠልም። «ለምን ተቃጠለ?» ትላለች ታንት እሙሽ። ከዚያስ?

«ባትሪው... ባትሪው አልቋል መሰለኝ» አለች።

ይቺን አንዲት ቃል ብቻ ነው ያለችው። አትፍረዱባት አልልም፤ ፍረዱባት። እሷም እስከ ዛሬ በራሷ ላይ ትፈርዳለች።

«ቻርጅ ከተደረገ ሦስት ቀን ሳይሞላው?»

«ያኒ... አርጅቷል።»

ታንት እሙሽ ለመከራከር ጊዜ አልነበራትም። «ሌላ ባትሪ! ከየትም ይምጣ!» አለች። ከሁሉም ቀድማ በሩን በርግዳ የወጣችው ኤሌኒ ናት። ኤሌኒ ከማዳሟ ቤት ካመለጠች ገና ሁለት ወሯ ነው፤ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ፍራሽ ዘርግታ ታድራለች፣ ቀን ትጠርጋለች። ከባንቺ ጋር የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው፤ በአንድ አውሮፕላን ነው የመጡት። «ባንቺን አውጡልኝ» ብላ ታንት እሙሽን ስትለምን የከረመችውም እሷ ናት። ፖሊስ ቢይዛት ወረቀት የላትም፤ እንደዚያም ሆኖ በጠራራ ፀሐይ ነጠላ ጫማዋን እያንጣጣች ዳገቱን ሮጠችው።

አትክልት ሻጩ ከመኪናው ባትሪውን ለመስጠት እሺ እስኪል አሥር ደቂቃ ሄደ። የዛገውን ብሎን እስኪፈታ አሥራ አምስት። ኤሌኒ ባትሪውን እንደ ሕፃን አቅፋ፣ ቀሚሷ በቅባት ተለውሶ፣ እያለከለከች ገባች።

«ይኸው! ይኸው፣ ሲሀሜ! ግጠሚው!»

ሲሀም እንደማይበራ እያወቀች ገጠመችው። አልበራም። በዚህ መሐል ስልኩ ጮኸ።

«አሁን ልወርድ ነው። ቆማችኋል አይደል?»

«አትውረጂ!» ብላ ጻፈች ታንት እሙሽ። ደገመች፦ «ባንቺ አትውረጂ! መኪናው አልደረሰም!» መልእክቱ አጠገብ አንዲት ምልክት ብቻ ታየች፤ ተልኳል፣ አልደረሰም ማለት ነው። ባንቺ ከዋይፋዩ ወጥታለች። ሁሉም ያቺን ሁለተኛ ምልክት እየጠበቁ ስልኩን ከበው ቆሙ። አልመጣችም።

ስድስት ሰዓት ላይ ከማሉዲን ራሱ መጣ። መኪናውን በር ላይ ጥሎት ገባና ወንበር ላይ ዘጭ አለ። ላብ አጥምቆታል።

«በአምስት ሰዓት ሄድኩ፣ የለችም። ናጡሩን ሲጋራ ሰጥቼ አወጣጣሁት» አለ። ናጡር የሚሉት የሕንፃውን ዘበኛ ነው። «ልጅቷ ወርዳ ነበር አለኝ። ከረጢቷን ይዛ አስፋልቱ ዳር ሃያ ደቂቃ ቆማለች። 'ለምን አትጥዪውም?' ብላት ዝም አለችኝ አለ። ከረጢቱን ከጣለች መመለስ አለባታ! እንደያዘችው ወዲያ ወዲህ ታያለች። በኋላ የማዳሟ ባል፣ ሚስተሩ፣ ወርዶ በክንዷ ይዟት ገባ። ወዲያው በመኪና ይዟት ወጣ።»

«ወዴት?» አለች ኤሌኒ።

«ወደ ተራራ። ተራራው ስንት መንደር አለው፣ እህቴ? የእህትየዋን ስም እንኳ አናውቅም።»

ኤሌኒ አልጮኸችም፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራታ ተቀመጠች። ሲሀም ማልቀስ ፈለገች፤ ለማልቀስ ምን መብት አለኝ ብላ ዋጠችው።

ከማሉዲን ራዲዮውን ወደ ራሱ ሳበና ፊውዙን አወጣ። ወደ መስኮቱ አቅንቶ አየው። ጥቁር ነው።

«ይሄ እኮ ባትሪ አይደለም። ተገልብጦ ተገጥሞ ነው። ገመዱ ሲገለበጥ ራዲዮው እንዳይነድ ይሄ ቀድሞ ይቃጠላል።» ከቀለም መቀቢያው መደርደሪያ የፀጉር መጠቅለያ ፎይል ቆረሰ፣ ፊውዙ ላይ ጠመጠመው፣ መልሶ ሰካው። አረንጓዴው መብራት ቦግ አለ፤ ራዲዮው ተንጣጣ። «ለጊዜው ይሠራል። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር እኮ፣ ያ ሃራም!»

ሁለት ደቂቃ። ሲሀም ያንን ሁሉ ጊዜ ሰው ባትሪ ፍለጋ ዳገት ስታስወጣ፣ ፎይሉ እራሷ በየቅዳሜው የምትቆርጠው ፎይል ነበር።

ታንት እሙሽ ቀስ ብላ ዞረች። «ትናንት ባትሪውን ማን ነካ?»

መርየም፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ፣ «ኤሌኒ ስትወለውል አንስታው ነበር። አይቻታለሁ» አለች።

«እኔ? እኔ በእግሬ ገፋ አደረግኩት እንጂ ገመዱን አልነካሁም!» ኤሌኒ ተነሳች። ሁሉንም በየተራ አየቻቸው፤ ሲሀምንም አየቻት። ሲሀም ፎጣ ማጠፍ ጀመረች። «ወይስ... ስገፋው ወልቆብኝ መልሼው ይሆን? አላስታውስም። እመቤቴ ድረሽልኝ፣ እኔ ነኝ እንዴ?»

«ከዛሬ በኋላ እዚህ አታድሪም» አለች ታንት እሙሽ። ድምጿ ውስጥ ቁጣ ሳይሆን ድካም ነበር። «ሌላ ቦታ ፈልጊ።»

«መባረሬስ ምን አላት» አለች ኤሌኒ። «በገዛ እጄ ነው የቀበርኳት።»

ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ከማሉዲንን ለመነችው፤ ወደ ቨርደን ውሰደኝ፣ ናጡሩን እኔ ልጠይቀው አለችው። እንቢ ሊል ሲል ፊቷን አየና የመኪናውን ቁልፍ አነሳ።

ሲሀም መርየምን በክንዷ ጎትታ ወደ ራስ ማጠቢያው ወሰደቻት።

«ምን ነክቶሽ ነው? ለምን እሷ?»

«እና 'እኛ ነን' ልበል? እማማን አታውቂያትም? እኔን ትመታኛለች፣ ያልፋል። አንቺንና እናትሽን ግን...» መርየም ከንፈሯን ነከሰች። «ለአንቺ ብዬ ነው፣ ሃቢብቲ። ኤሌኒ ለማንኛውም መሄዷ አይቀርም። ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ናት።»

ሲሀም የመርየምን ክንድ ለቀቀች። ከሁሉ የከፋው፣ በልቧ አንዲት ጥግ እፎይ ብላ ነበር። እናቷ ዛሬ ጃል ኤል ዲብ ሰፈር ሁለት ቤት አጽድታ፣ ወገቧን ይዛ፣ «ልጄ በላሽ ወይ?» እያለች ትገባለች። ያቺ ክፍል ባትኖር የት ትገባለች? ሲሀም ይህን እያሰበች፣ የተጠረገውን ወለል እንደገና ጠረገች። መጥረጊያው የኤሌኒ ነበር።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ራዲዮው ተንጣጣ።

«እሙሽ፣ ትሰሚኛለሽ? እዚህ ችግር አለ» አለ የከማሉዲን ድምፅ። «ናጡሩ ምንም አያውቅም። ይቺ ልጅ ግን ወጥቼ ደወል ካልደወልኩ እያለች ነው። ማዳሚቱ ቤት ናት፣ እግሯ ላይ ወድቄ አድራሻውን እጠይቃታለሁ ትላለች። ኧረ በአላህ አንድ ነገር በያት!»

ታንት እሙሽ መነጋገሪያውን አፈፍ አደረገች። «አብደሻል? ኤሌኒ! ሴትየዋ በር ሳትከፍት ነው ፖሊስ የምትጠራው! ዛሬውኑ እስር ቤት ነሽ!»

ጥቂት ተንጣጣ። ከዚያ የኤሌኒ ድምፅ፣ ረጋ ያለ፣ ከለቅሶ ያለፈ፦

«ልታሰር፣ እትዬ እሙሽ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ለእናቷ ምን ብዬ ልንገራት? ቢያንስ የት እንዳለች ልወቅ።»

«ተይ እባክሽ... ተይ አልኩሽ!»

«አመሰግናለሁ። ክፉ አልዋልሽብኝም።»

«በሩን ከፈተች!» አለ ከማሉዲን። «እየወረደች ነው!»

መርየም ሲሀምን አየቻት፤ አንገቷን በትንሹ ነቀነቀች፤ እንዳትናገሪ ማለቷ ነው። ሲሀም መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ወደ ጠረጴዛው ሄዳ መነጋገሪያውን ከታንት እሙሽ እጅ ወሰደች። እሷም ገርሟት ለቀቀችላት።

«ዓሞ ከማሉዲን፣ ድምፁን ጨምረው። ትስማኝ።» የመነጋገሪያውን ቁልፍ እንደተጫነች ቀጠለች። «ኤሌኒ፣ ሲሀም ነኝ። አንቺ አይደለሽም። ባትሪውን እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ ለቪዲዮ። ስመልሰው ገለበጥኩት። ጠዋት አይቼዋለሁ፤ ባትሪው አልቋል ብዬ ዋሸሁ። ፊውዙ እንደሆነ ታውቆኝ ነበር። አንቺ ምንም አልነካሽም። እባክሽ ተመለሺ።»

መርየም ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሲሀም ጣቷ ቁልፉ ላይ ደርቆ ቀረ፤ ቁልፉን ካልለቀቀች ደግሞ ማንም ሊመልስላት አይችልም። ለቀቀችው።

ራዲዮው ረጅም ጊዜ ተንጣጣ። የመኪና ጡሩምባ፣ የሞተር ድምፅ። ከዚያ ኤሌኒ፣ በጣም ቀስ ብላ፦

«ባንቺስ?»

ሲሀም ቁልፉን ተጫነች። ለቀቀችው።

«ተቀምጣለች» አለ ከማሉዲን። «መኪናው ውስጥ ናት። ይዣት እየመጣሁ ነው።»

ታንት እሙሽ መነጋገሪያውን ተቀብላ ቦታው ላይ ሰቀለችው። አልጮኸችም፤ አልተማታችም። ለሲሀም፣ በጥፊ ብትላት ይሻላት ነበር።

«እናትሽ ስትመጣ አንቺው ንገሪያት» አለች፤ ወደ ደንበኛዋም ተመለሰች። ቀጥላ፣ ዞር ሳትል፣ «አንቺም መርየም፣ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ» አለች።

ከቨርደን ፋናር በዚህ ሰዓት መንገዱ ይዘጋጋል፤ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ወደ ላይ የሚወስደው ደረጃ ከመጋረጃው ኋላ ነው፤ ኤሌኒ ሳትደርስ ሲሀም የራሷ ክፍል ገብታ ብትቆልፍ ማንም አይከለክላትም። ሲሀም ደረጃውን አየችው። ከዚያ አንድ ወንበር ጎትታ ኤሌኒ በምትገባበት በር ፊት ለፊት አስቀመጠችና፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።